መጥኖ መደቆስ ለኮምፒዩተር ግዢም ይሠራል

እናቶቻችን "መጥኖ መደቆስ" ይላሉ። ድስት ከመጣዱ በፊት ስንት ሰው እንደሚበላና ምን ያህል እንደሚበቃ ማሰብ ማለት ነው። አባባሉ ለጓዳ ብቻ የተነገረ አይመስለኝም። ውድ የዲፓርትመንታችን ተማሪዎችና መምህራን፣ በዚህ ጽሑፍ ለቪዲዮ ኤዲቲንግ የሚሆን አዲስ ዴስክቶፕ ኮምፒዩተር እንዴት ይመረጣል በሚለው ላይ ያለኝን አስተያየት ላካፍላችሁ እወዳለሁ። ጉዳዩ ላይ ላዩን ሲያዩት የቴክኒሻን ሥራ ይመስላል። ነገር ግን ላብ ውስጥ ወረፋ የጠበቀ፣ በማስረከቢያው ሳምንት "ሬንደሩ አላለቀም" እያለ ያደረ ተማሪ ሁሉ ጉዳዩ የራሱ መሆኑን አይስተውም።

ሐሳቤ ባጭሩ ይህ ነው። አብዛኞቻችን ኮምፒዩተር የምንገዛው ከዕቃው ስም ተነስተን ነው። መነሳት ያለብን ግን ከሥራው ነው። ሥራው ስል አራት ነገሮችን ማለቴ ነው፤ ካሜራችን የሚቀዳው ፋይል ምን ዓይነት ነው? የምንሠራበት ሶፍትዌር ምን ይፈልጋል? ፋይሉ የት ይቀመጣል? መብራት ሲሄድስ ምን ይሆናል? እነዚህን ሳይመልሱ "ኮር አይ 7 ነው ወይ?" ብሎ መጠየቅ ድስቱ ከተጣደ በኋላ በርበሬ ፍለጋ ጎረቤት እንደመሄድ ነው።

ፊልሙን የሚቆርጠው ማን ነው?

"ቀርፋፋም ቢሆን ይጨርሰዋል፣ ትዕግሥት ነው እንጂ" የሚሉ አሉ። ኤክስፖርትን በተመለከተ እውነት አላቸው። አንድ ሰዓት የሚፈጀው ሦስት ሰዓት ቢፈጅ ሻይ ጠጥቶ መመለስ ይቻላል። ትልቁ ችግር ግን ኤክስፖርቱ ላይ አይደለም፣ ቆረጣው ላይ ነው።

በሴኮንድ 25 ፍሬም በሚሄድ ቪዲዮ አንድ ፍሬም 40 ሚሊሴኮንድ ነው። ቃለ መጠይቅ የሚሰጡ አንዲት እናት ንግግራቸውን ጨርሰው ዓይናቸውን ወደ መሬት ሲሰብሩ፣ ምስሉ ከዚያ በፊት ይቆረጥ ወይስ ያቺን ዝምታ ይዞ ይቆይ የሚለው ክርክር የአምስት ወይም የስድስት ፍሬም ጉዳይ ነው። በመምህሮቻችን ቋንቋ ሪትም የሚባለው ይኸው ነው። እንግዲህ ማሽኑ ታይምላይኑን ሲያጫውት ድምፁ እየሄደ ሥዕሉ የሚቆም፣ ከዚያ ዘልሎ የሚደርስበት ከሆነ ኤዲተሩ በምን ዓይን ይፍረድ? ሪትሙን ሳያይ ነው የሚቆርጠው።

ሌላም አለ። እያንዳንዱ ሙከራ ደቂቃ የሚያስጠብቅ ሲሆን ተማሪው መሞከሩን ይተዋል። "ይህን ትዕይንት መጀመሪያ ላይ ባመጣውስ?" የሚለው ሐሳብ ይመጣል፣ ማሽኑ ሲያንገራግር ትዝ ይለዋል፣ "በቃ ይሁን" ብሎ ያልፈዋል። እንዲህ የተሠራውን ፊልም የቆረጠው ተማሪው ነው ለማለት ይከብደኛል፣ ግማሹን ማሽኑ ቆርጦለታል። ስለዚህ የማሽን ምርጫ የቅንጦት ጥያቄ ሳይሆን የትምህርት ጥያቄ ነው ብዬ አምናለሁ።

የዱቤ ደብተሩ ነገር

ለመሆኑ ማሽኑ ለምን ያንገራግራል? ብዙ ሰው ወዲያው "ሀርድ ዲስኩ ነው፣ ኤስኤስዲ አስገባበት" ይላል። እስቲ ሒሳቡን እንየው። ብዙዎቹ የምንጠቀምባቸው ካሜራዎች በ4ኬ ሲቀዱ በሴኮንድ 100 ሜጋቢት አካባቢ ይጽፋሉ። ይህ 12.5 ሜጋባይት ማለት ነው። ደህና የሆነ ተራ ሀርድ ዲስክ እንኳ በሴኮንድ ከ100 ሜጋባይት በላይ ያነባል። ስለዚህ አንድ ክሊፕ ለማጫወት ዲስኩ አላነሰም። ያነሰው ሌላ ነገር ነው።

ካሜራዎቻችንና ስልኮቻችን ቪዲዮውን የሚያስቀምጡት ኤች 264 ወይም ኤች 265 በሚባል መንገድ ጨምቀው ነው። አጨማመቁ የሰፈር ሱቅ የዱቤ ደብተር ይመስላል። ባለሱቁ ወሩ ሲጀምር ጠቅላላውን ሒሳብ ይጽፋል፤ ከዚያ በኋላ በየቀኑ የተጨመረውንና የተቀነሰውን ብቻ ያሰፍራል። ደብተሩ አጭር ይሆንለታል። ግን በ19ኛው ቀን ድንገት መጥታችሁ "ስንት አለብኝ?" ብትሉት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መደመር አለበት። ካሜራውም እንደዚሁ ነው። አንድ ሙሉ ሥዕል ያስቀምጥና ለሚቀጥሉት በርካታ ፍሬሞች ልዩነታቸውን ብቻ ይመዘግባል። እኛ ታይምላይኑ መሀል ላይ በጫንን ቁጥር ማሽኑ ወደ ኋላ ሄዶ ሙሉውን ሥዕል ያገኛል፣ ከዚያ እየደመረ ይመጣል። ፋይሉ ለማስቀመጥ ቀላል፣ ለመቁረጥ ከባድ የሆነው ለዚህ ነው።

ከዚህ ሁለት መፍትሔ ይወጣል። አንደኛው ይህን ድመራ በፍጥነት የሚሠራ ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ክፍል ያለው ፕሮሰሰር ወይም ግራፊክስ ካርድ መግዛት ነው። ሁለተኛው ገንዘብ የማይጠይቀው ፕሮክሲ ነው። ፕሮክሲ ማለት ከዋናው ፋይል የሚሠራ ቀለል ያለ ቅጂ ነው። ቆረጣው በቅጂው ላይ ይሠራል፣ ኤክስፖርት ሲደረግ ሶፍትዌሩ ራሱ ወደ ዋናው ይመለሳል። አዶቤ ፕሪሚየርም ሆነ ዳቪንቺ ሪዞልቭ ይህን ያደርጋሉ። ማታ ፕሮክሲ እንዲሠራ ትቶ ጠዋት ቆረጣ የሚጀምር ተማሪ፣ አዲስ ማሽን ገዝቶ ፕሮክሲ የማያውቀውን ሊበልጠው ይችላል። በእኔ አስተያየት በኤዲቲንግ ኮርሳችን ውስጥ ከትራንዚሽን በፊት መሰጠት ያለበት ትምህርት ይህ ነው።

"ኮር አይ 7 ነው"

አሁን ወደ ሱቅ እንግባ። መርካቶም ይሁን መገናኛ ስለ አንድ ዴስክቶፕ ስትጠይቁ መጀመሪያ የምትሰሙት "ኮር አይ 7 ነው" የሚለውን ነው። ይህ አረፍተ ነገር ብቻውን ምንም አይነግረንም። "መኪናው ቶዮታ ነው" እንደማለት ነው። የስንት ዓመተ ምሕረት ቶዮታ?

የኢንቴል ፕሮሰሰር ጀነሬሽን ከስሙ ቀጥሎ ባለው ቁጥር ይታወቃል። ኮር አይ 7-4770 ከሆነ 4ኛ ጀነሬሽን ነው፣ የወጣውም እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። ኮር አይ 3-12100 ከሆነ 12ኛ ጀነሬሽን ነው፣ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2022 ነው። ሁለቱም አራት ኮር አላቸው። ግን "ትንሹ" አይ 3 "ትልቁን" አይ 7 በግልጽ ይበልጠዋል። በቪዲዮ ሥራ ደግሞ ልዩነቱ ይሰፋል። 4ኛው ጀነሬሽን ኤች 265ን የሚፈታ ራሱን የቻለ ክፍል የለውም። በ6ኛው ጀነሬሽን ባለ 8 ቢቱ፣ በ7ኛው ደግሞ ባለ 10 ቢቱ ተጨመረ። በአዳዲስ ካሜራዎች ላይ የተለመደውን፣ የቀለም መረጃው ሰፋ ያለውን 4:2:2 የተባለ የኤች 265 ዓይነት የኢንቴል ዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮች መፍታት የጀመሩት ከ11ኛው ጀነሬሽን ወዲህ ነው። የኤንቪዲያ ግራፊክስ ካርዶች እንኳ ይህን ዓይነት ፋይል መፍታት የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ2025 በወጡት በአርቲኤክስ 50 ተከታታዮች ነው።

እዚህ ላይ አንዲት ፊደል ልብ በሉልኝ። የፕሮሰሰሩ ቁጥር መጨረሻ ላይ የእንግሊዝኛው "ኤፍ" ካለ፣ ለምሳሌ 12400ኤፍ ከሆነ፣ በውስጡ ግራፊክስ የለውም ማለት ነው። ያ የፋይል ፈቺ ክፍል ያለው ደግሞ እዚያው ውስጥ ነው። ዋጋው ትንሽ ስለሚቀንስ ሻጩ እንደ ርካሽ ዕድል ያቀርበዋል። ለጌም ለሚገዛ ሰው ምንም አይደለም። ለእኛ ግን ጥቂት ብር አትርፈን የምንፈልገውን ዋና ነገር ትተን መምጣት ነው። የኤኤምዲ ራይዘን ፕሮሰሰሮችም ጥሩ ጉልበት አላቸው፣ ዋጋቸውም ብዙ ጊዜ ይስማማል። ከካሜራችን የሚወጣው ፋይል 4:2:2 ከሆነ ግን በዚህ በኩል ኢንቴል ይመረጣል፤ ካልሆነ ራይዘን መግዛት ነውር የለውም።

ያገለገሉ የቢሮ ዴስክቶፖችን በተመለከተም አንድ ቃል ልበል። ዴል ኦፕቲፕሌክስና ኤችፒ ኤሊትዴስክ ጠንካራ ዕቃዎች ናቸው። ነገር ግን ቀጫጭኖቹ ሳጥኖች ትልቅ ግራፊክስ ካርድ አያስገቡም፣ ፓወር ሰፕላያቸውም አነስተኛ ስለሆነ ወደፊት ላሳድገው ቢሉ አይሆንም። ዚዮን ፕሮሰሰር ያላቸው ትልልቆቹ የወርክስቴሽን ማሽኖች ደግሞ የኮር ብዛታቸው ያጓጓል፤ ግን አብዛኞቹ የድሮዎቹ ያ ፈቺ ክፍል የላቸውም። በዚያ ላይ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል በኩል በይፋ የሚቀበለው በጥቅሉ ከ8ኛው ጀነሬሽን ጀምሮ ያለውን ነው። ስለዚህ ከ8ኛ በታች ያለ ማሽን ዛሬ መግዛት የሚያስከትለውን አውቆ ይሁን።

ግራፊክስ ካርድና ራም

ጓደኞቼ ከምንም በላይ የሚከራከሩት በግራፊክስ ካርድ ነው። መብራት የሚያበራ፣ ሦስት ፋን ያለው ካርድ ሲያዩ ልባቸው ይርዳል። እኔ ግራፊክስ ካርድ አያስፈልግም አልልም። ዳቪንቺ ሪዞልቭ ላይ ቀለም የሚሠራ፣ ጨለማ ውስጥ የተቀረጸ ምስል ላይ ኖይዝ የሚቀንስ፣ ኢፌክት የሚደራርብ ሰው ያስፈልገዋል። በ4ኬ ለሚሠራ 8 ጊጋባይት የራሱ ሜሞሪ ያለው ካርድ ጥሩ መነሻ ነው። የእኛ ዶክመንተሪ ግን ምንድን ነው? ቃለ መጠይቅ፣ የአካባቢ ምስል፣ ትረካና ጥቂት ጽሑፍ ነው። ለዚህ ዓይነቱ ቆረጣ ካርዱ አብዛኛውን ጊዜ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል። ስለዚህ በጀት ሲያጥር መጀመሪያ የሚቆየው እሱ ይሁን። ሳጥኑና ፓወር ሰፕላዩ ቦታ ካላቸው ካርድ በኋላም ይገባል።

ራም ግን አይቆይም። 16 ጊጋባይት ለኤችዲ ሥራ ዝቅተኛው ነው፣ ለ4ኬ 32 ቢሆን ይመረጣል። ሲገዛም አንድ ትልቅ ከማድረግ ሁለት እኩል አድርጎ መግዛት ፍጥነት ይጨምራል። የራም ዋጋ እ.ኤ.አ. ከ2025 መጨረሻ ጀምሮ የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ማዕከላት ፍላጎት በመናሩ በዓለም ገበያ በጣም ጨምሯል። ለእኛ ደግሞ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ፣ አንድ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር ካለፈ በኋላ፣ እያንዳንዱ የተሳሳተ ግዢ እጥፍ ያማል። ገንዘብ ሲወደድ መመጠንም አብሮ መወደድ አለበት።

ፋይሉ የት ያድራል?

አሁን ወደሚያስለቅሰው ክፍል ደረስን። አንድ የመመረቂያ ቡድን ስምንት ሰዓት ቀረጸ እንበል። በሴኮንድ 100 ሜጋቢት ከሆነ አንድ ሰዓት 45 ጊጋባይት ይወስዳል፤ ስምንት ሰዓት 360 ጊጋባይት ይሆናል። ለዚህ የሚሠራው ፕሮክሲ፣ ቀላሉን የፕሮሬስ ዓይነት በኤችዲ ብንወስድ፣ ለአንድ ሰዓት 17 ጊጋባይት ገደማ ነው። ተደምሮ ወደ 500 ጊጋባይት ይጠጋል። "512 ኤስኤስዲ አለው" ተብሎ የተገዛ ማሽን፣ ዊንዶውሱና ሶፍትዌሩ ያለው እዚያው ላይ ስለሆነ፣ አንድ ቡድን እንኳ አያስተናግድም። አንዱ ቡድን ቦታ ለማግኘት የሌላውን ፎልደር የሚያጠፋበት ምክንያት የተማሪ ክፋት ብቻ አይደለም፣ ያልተመጠነ ግዢም ነው።

የእኔ ምክር ሦስት ቦታ ይኑር የሚል ነው። ለሲስተሙ አንድ ኤስኤስዲ፣ ለሥራው ሌላ ቢያንስ አንድ ቴራባይት ኤስኤስዲ፣ ለመጠባበቂያው ደግሞ ርካሹ ትልቁ ሀርድ ዲስክ። ፎቶግራፈሩ ፒተር ክሮግ ያስተዋወቀው 3-2-1 የሚባል ደንብ አለ። ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ዕቃ ላይ፣ አንዱ ከሌሎቹ ርቆ ሌላ ቦታ የተቀመጠ። ቀላል ነው፣ ግን ስንቶቻችን እናደርገዋለን? ኤስዲ ካርዱን ለሚቀጥለው ቀረጻ ለመጠቀም ፎርማት ያደረግን ዕለት ፊልማችን በአንድ ዲስክ ላይ ብቻ ተንጠልጥሏል።

ይህ የድሀ አገር ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1998 የፒክሳር ባለሙያዎች ቶይ ስቶሪ 2ን እየሠሩ ሳለ በአንድ የተሳሳተ ትእዛዝ የፊልሙ አብዛኛው ፋይል ጠፋ። ባክአፑም በትክክል ሲሠራ አልነበረም። ያዳናቸው፣ የቴክኒክ ኃላፊዋ ጌሊን ሰስማን ልጅ ወልዳ ስለነበር ቤቷ ሆና ለመሥራት ወስዳው የነበረው ቅጂ ነው። ያ ትልቅ ስቱዲዮ የዳነው ከሌሎቹ ርቆ በተቀመጠው በሦስተኛው ቅጂ ነው። እኛስ በምን እንድናለን?

መብራት ሲሄድ

ስለ ኮምፒዩተር አመራረጥ የተጻፉ የውጭ ጽሑፎች ይህን ክፍል አይጽፉትም። መብራት የማይሄድበት አገር ሆነው ስለሚጽፉ ነው። እኛ ዘንድ ዩፒኤስ ተጨማሪ ዕቃ ሳይሆን የማሽኑ አካል ነው። ዲስክ በሚጽፍበት ቅጽበት መብራት ሲሄድ የፕሮጀክት ፋይል ሊበላሽ ይችላል። ሲመለስ ደግሞ ኃይሉ ከፍ ብሎ ይመጣና ፓወር ሰፕላዩን ይጎዳል። ከአንድ ዲቫይደር ላይ አምስት ማሽን፣ ፕሪንተርና የሻይ ማፍያ ሰክቶ "ኮምፒዩተሩ ተቃጠለ" ማለት ዕቃውን መውቀስ አይሆንም።

ዩፒኤስ ሲገዛ ልብ የሚባል ነገር አለ። "650 ቪኤ" ማለት 650 ዋት ማለት አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ ከ400 ዋት በታች ነው የሚሸከመው። ስለዚህ የማሽኑንና የሞኒተሩን ፍጆታ ደምሮ መግዛት ያስፈልጋል። ሰዓታት እንዲያሠራን አንጠብቅ፤ ሥራውን ሴቭ አድርጎ በሥርዓት ለማጥፋት የሚበቁ ደቂቃዎች ከሰጠን ሥራውን ሠርቷል። ከዚህ ጋር አውቶ ሴቭን በየ5 ደቂቃው እንዲሆን ማስተካከል ምንም ወጪ የለውም። አቧራውንም አንርሳ። ፋኑ በአቧራ የታፈነ ማሽን ሲሞቅ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። በየሴሚስተሩ አንዴ ከፍቶ ማጽዳት ከአዲስ ፕሮሰሰር የማይተናነስ ጥቅም ይሰጣል።

"ላፕቶፕ አይሻልም?"

ይህ ተገቢ ጥያቄ ነው። ላፕቶፕ ባትሪ አለው፣ ዶርም ይገባል፣ ቀረጻ ቦታ ድረስ አብሮ ይሄዳል። አንድ ዕቃ ብቻ መግዛት የሚችልና ቋሚ ማረፊያ የሌለው ተማሪ ላፕቶፕ ቢገዛ አልፈርድበትም። ግን በአንድ ዓይነት ገንዘብ ዴስክቶፕ የበለጠ ጉልበት ይሰጣል፣ ለረጅም ሰዓት ሲሠራም ሙቀቱን ይችላል። ከሁሉ በላይ ሲበላሽ ይጠገናል። የዴስክቶፕ ራም ሲሞት ራሙ ይቀየራል፣ ፓወር ሰፕላዩ ሲቃጠል እሱ ብቻ ይገዛል። ብዙ አዳዲስ ላፕቶፖች ላይ ግን ራሙ ማዘርቦርዱ ላይ ስለተበየደ አንዱ ሲሞት አብሮ ሌላው ይቀበራል። ዴስክቶፕ ዕቁብ በደረሰ ቁጥር ሊያድግ የሚችል ዕቃ ነው። በመጀመሪያው ዕጣ ሳጥኑ፣ በሁለተኛው ተጨማሪ ዲስክ፣ በሦስተኛው ግራፊክስ ካርድ። ወላጆቹ በሚልኩለት ገንዘብ ለሚማር ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

"ማክ ሚኒስ?" ለሚሉኝ፣ እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ኤም 4 ማክ ሚኒ ለኤዲቲንግ በእውነት ጎበዝ ነው። ኤች 264፣ ኤች 265ና ፕሮሬስን የሚፈታ ክፍል በውስጡ አለው፣ ኤሌክትሪክም የሚወስደው በጣም ጥቂት ስለሆነ ትንሽ ዩፒኤስ ይበቃዋል። ሜሞሪው ግን በኋላ አይጨመርም፣ ሲበላሽም መለዋወጫውን እዚህ እንደልብ ማግኘት ይቸግራል። ለአንድ ጥንቁቅ ሰው ጥሩ ምርጫ ነው፤ አርባ ተማሪ ለሚፈራረቅበት ላብ ግን ተጠጋኙን እመርጣለሁ።

በስልክ፣ በካፕከት መሥራትም ነውር የለውም። ለሦስት ደቂቃ ሥራ ፈጣን ነው። ስምንት ሰዓት ቀረጻ አደራጅቶ፣ ድምፁን ለይቶ፣ ሠላሳ ደቂቃ ፊልም ለመሥራት ግን ሌላ ጠረጴዛ ያስፈልጋል። ሶፍትዌሩንም በተመለከተ ዳቪንቺ ሪዞልቭ በነጻ የሚሰጥ ቅጂ አለው። የተሰበረ ሶፍትዌር ጭኖ ቫይረስ አብሮ ከመቀበል በእሱ መማር የሚያኮራ ይመስለኛል።

ለዲፓርትመንታችን የማቀርበው

እስካሁን ያልኩት ለግለሰብ ገዢም ይሆናል። ትልቁ ጉዳይ ግን የላባችን ግዢ ነው። መሥሪያ ቤቶች በፕሮፎርማ ሲገዙ የተጠየቀውን ስፔሲፊኬሽን ካሟሉት መካከል በአብዛኛው ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው ያሸንፋል። ይህ የሕዝብን ገንዘብ ለመጠበቅ የወጣ አሠራር ነው፣ አልቃወመውም። ነገር ግን ወረቀቱ ላይ "ኮር አይ 7፣ 8 ጊጋ ራም፣ 1 ቴራ" ተብሎ ከተጻፈ፣ አሥር ዓመት ያለፈው ማሽንም ያሟላል፤ ያሸንፋልም። አቅራቢው አላጭበረበረም፣ ኮሚቴውም አልሰረቀም። ወረቀቱ ራሱ ነው ያልመጠነው። ስለዚህ የሚከተሉት ነጥቦች ስፔሲፊኬሽኑ ውስጥ እንዲገቡ ሐሳብ አቀርባለሁ።

1. ፕሮሰሰር፦ ቢያንስ 12ኛ ጀነሬሽን ኮር አይ 5 ወይም ከዚያ በላይ፣ ግራፊክስ በውስጡ ያለው፤ "ኤፍ" ያልሆነ።

2. ራም፦ 32 ጊጋባይት፣ ሁለት ባለ 16፤ ወደፊት መጨመር የሚያስችል ማዘርቦርድ።

3. ዲስክ፦ ለሲስተም 500 ጊጋባይት፣ ለሥራ 1 ወይም 2 ቴራባይት ኤስኤስዲ፤ ለየብቻ።

4. ሳጥንና ፓወር ሰፕላይ፦ በኋላ ሙሉ መጠን ያለው ግራፊክስ ካርድ የሚቀበል።

5. ሞኒተር፦ ባለ 24 ኢንች አይፒኤስ፣ የኤስአርጂቢን ቀለም ሙሉ በሙሉ የሚያሳይ። በጎን ሲያዩት ቀለሙ በሚቀየር ሞኒተር የቆዳ ቀለም ማስተካከል አይቻልም።

6. ዩፒኤስ፦ ለእያንዳንዱ ማሽን፣ ፍጆታው ተሰልቶ።

7. የጋራ መጠባበቂያ ዲስክ፦ ለየቡድኑ ፎልደር የተከፈለ፣ ከላቡ ውጭ ሌላ ቢሮ የሚያድር አንድ ቅጂ ያለው።

ገንዘቡ ለዚህ ሁሉ ካልበቃስ? የማሽኑ ቁጥር ይቀንስ እላለሁ። ይህ ብዙ ሰው ላይስማማበት ይችላል፤ ለሪፖርት "20 ኮምፒዩተር ተገዛ" ማለት "12 ተገዛ" ከማለት ያምራል። ነገር ግን ሃያ የሚያንገራግሩ ማሽኖች ሃያ ወረፋ ይፈጥራሉ እንጂ ሃያ ኤዲተር አያፈሩም። አሥራ ሁለት የሚሠሩ፣ በፈረቃ የሚያዙ፣ ማታም የሚከፈቱ ማሽኖች ይሻሉናል።

በመጨረሻም አንድ ትንሽ ልማድ ብንጀምር እላለሁ። ዕቃው ከመረከቡ በፊት ከየካሜራችን አንድ አንድ ክሊፕ በፍላሽ ይዘን እንሂድ፣ ታይምላይን ላይ እናስቀምጠው፣ ሦስቱን ደራርበን እናጫውተው። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ በሚባለው ነጻ ፕሮግራም ዲስኩ ስንት ሰዓት እንደሠራ እንይ፤ "ፓክድ ነው" የተባለው ዲስክ ሺህ ሰዓታት ሠርቶ ከተገኘ እዚያው ይመለስ። ለዚህ ሥራ ከኮሚቴው ጋር አንድ የላብ ቴክኒሻንና ሁለት ተማሪዎች ቢጨመሩ የሚጎዳው ማንም የለም። ማሽኑ ፊት ቁጭ ብለን የምናድረው እኛ ነንና፣ ሲመጠን ብንጠየቅ ደስ ይለናል።

ቸር ይግጠመን!